የጋሽ ሾዴ ጡሩምባ

ጋሽ ሾዴ ሸማኔ ነበር። ጉለሌ፣ ከእኛ ቤት ጋር ግድግዳ በሚጋራው ክፍሉ ውስጥ፣ እግሩን ከሽመና ጉድጓዱ ከትቶ መወርወሪያውን ሲያመላልስ ይውላል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን በሽመናው አይደለም። የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር ጎህ ሲቀድ ይወጣና፣ ከታች ከወንዙ ጀምሮ እስከ እንጦጦ መውጫ ድረስ እየነፋ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ያንን ድምፅ ሰምቶ አልጋው ላይ የሚቀር እድርተኛ አልነበረም።

በ1970 መጋቢት ላይ ልጁን ጽጌረዳን ወሰዷት። እኔና እሷ አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር ነበርን። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የታሪክ ደብተሯ ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት ተገኘ ተባለ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ ያየ የለም። ፍርድ ቤት አልቀረበችም። ከሳሹም፣ ፈራጁም፣ ተኳሹም የቀበሌያችን ሊቀመንበር ግዛቸው ነበር። ይህ ግዛቸው ከእኛ ሦስት ቤት ወረድ ብሎ ያደገ ነው፤ ክርስትና ሲነሳ የተጠቀለለባትን ነጠላ የሠራው ጋሽ ሾዴ ነው።

ሬሳዋን አልሰጧቸውም። እናቷ እትዬ ብርቅነሽ መርዶውን ሰምታ ኡኡ ስትል፣ ግዛቸው ሽጉጡን ታጥቆ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ ገባ። በግድግዳው በኩል ቃል በቃል ሰምቻለሁ።

«በማን ፈቃድ ነው የምታለቅሱት?» አለ። «ለአናርኪስት አይለቀስም። ድንኳን አይተከልም። አንተም ሾዴ፣ ያንን ጡሩምባ ብትነካ ትከተላታለህ!»

እትዬ ብርቅነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። እኛስ? እኛ በራችንን ዘጋን። አንድ ወንበር ላይ አብሬያት ስቀመጥ የኖርኩት እኔ፣ ትራስ ነክሼ እንኳ አላለቀስኩም፤ ፈራሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን በጥፊ ብለው ደስ ይለኛል።

እትዬ ብርቅነሽ ዓመት ሳይሞላት በሐዘኑ ሞተች። ለእሷ ጡሩምባ ተፈቀደላት። ባሏ ራሱ ነፋላት።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ሾዴ ለሰው ሁሉ ሲነፋ ኖረ፤ ለሽማግሌው፣ ለአራሷ፣ ከግንባር መርዶው ለመጣ ወታደር። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ ለልጅህ ሳትነፋ ለሌላው መንፋቱ እንዴት አስቻለህ?» አልኩት።

ክሩን እያጠበቀ፣ «እጠብቃለሁ» አለኝ። «የእሱም ቤት ሰው ይሞትበታል።»

ሞተበት። በ1979 ሰኔ ላይ የግዛቸው እናት እማማ የሺ አረፉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን ጋሽ ሾዴ ላይ ጣለ። ጡሩምባ ካልተነፋ እድርተኛ አይወጣም። በቀበሌው ድምፅ ማጉያ ቢጠራን ደግሞ ስብሰባ መስሎን ያልታመመውም ይታመማል። ይህን ግዛቸውም ያውቃል። ስለዚህ በእግሩ መጣ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አንተ ሾዴ» ሲለው የኖረውን ሰውዬ ያን ቀን አንቱ አለው።

«ጋሽ ሾዴ፣ እማዬ አረፈች። እባክዎ ይንፉልኝ።»

ጋሽ ሾዴ ከጉድጓዱ ሳይወጣ፣ «እነፋለሁ» አለ።

በንዴት ጨስኩ። ግዛቸው የእናቱን ሬሳ የሚሸከምለት አጥቶ ሲንከራተት ማየት ነበር ምኞቴ። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት የጠበቀው? አኮረፍኩት፤ ደህና እደር እንኳ ሳልለው ገባሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ጮኸ።

«እድርተኞች! እማማ የሺ አርፈዋል! ቀብራቸው ዛሬ በሰባት ሰዓት ጴጥሮስ ወጳውሎስ ነው! ልጄ ጽጌረዳ የተገደለች ጊዜ፣ ከልጃቸው ተደብቀው፣ በጓሮ አጥር ሾልከው ገብተው ያለቀሱላት እሳቸው ብቻ ናቸው! ያን ጊዜ ያላለቀሳችሁ ሁሉ ዛሬ ውጡ!»

ይህን ማናችንም አናውቅም ነበር። በየመታጠፊያው ደገመው። የግዛቸው ቤት በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ሦስት ጊዜ ለፈፈው።

አንድም ሰው አልቀረም። ለበዓል እንኳ ሱቁን የማይዘጋው ቡሽራ ዘግቶ መጣ። እማማ የሺን እየተቀባበልን ተሸክመን በክብር ቀበርናቸው። ይገባቸዋል።

ከቀብር ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ፣ ግዛቸው ከፊት ተቀምጦ አጽናኝ ይጠብቃል። ጋሽ ሾዴ ሄዶ አጠገቡ፣ ከሐዘንተኛ ቦታ ተቀመጠ። ያኔ ገባኝ። ተነሳሁና ግዛቸውን አልፌ ጋሽ ሾዴ ፊት ጎንበስ አልኩ።

«ጋሼ፣ ስለ ጽጌረዳ እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት። ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩት ጩኸት አብሮ ወጣ።

ከኋላዬ የእድሩ ዳኛ አቶ መዝገቡ መጡ። ከእሳቸው ኋላ ቡሽራ፣ ከዚያም ሰልፉ በሙሉ ግዛቸውን እየዘለለ ጋሽ ሾዴን አጽናና። ሴቶቹ «ጽጌዬ! ጽጌዬ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። በር ላይ ከቆሙት አብዮት ጠባቂዎች አንዱ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ አቀረቀረ።

ግዛቸው ተነሳ። እጁን ወደ ሽጉጡ ሰደደ። ግን ምን ብሎ ይዘዝ? አታልቅሱ እንዳይል የእናቱ ለቅሶ ነው። ለእናቴ ብቻ አልቅሱ ብሎ ቢያዝስ፣ እንባን በመመሪያ ከየት ያመጣል? መልሶ ቁጭ አለና ሆዱን ይዞ ይነፈርቅ ጀመር። ደግፎ የያዘው የለም። አይዞህ ያለውም የለም። እውነቱን ልናገር፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጋሽ ሾዴ ወደ እሱ ዞረ።

«ግዛቸው» አለው ቀስ ብሎ፣ «በማን ፈቃድ ነው የምታለቅሰው?»

ግዛቸው በዙሪያው ያለነውን ሁሉ አየ። ከዚያ የጋቢውን ጫፍ ሰብስቦ አፉ ውስጥ ጠቀጠቀ።