ጉርሜሳ መጨረሻ ያደረገው ሰርግ

ባለቤቴ ጉርሜሳ ጎባ ውስጥ የሲኒማ ማሽን የሚያሠራው ሰው ነበር። የሚያስታውሱት ሰዎች ዛሬም ሲያገኙኝ «ፊልሙን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር እኮ» ይሉኛል። በቃሉስ ያውቅ ነበር። ችግሩ የኋላውን ከፊት፣ የፊቱን ከኋላ አድርጎ ማወቁ ነው። ልጆቼ ስለ አባታቸው ሙገሳ ብቻ ሰምተው እንዳይቀሩ ይህችን ልጻፍ አልኩ። ሙገሳውን ሌላ ሰው ይጻፈው። አብሬው የኖርኩት እኔ ነኝ።

አዳራሹ የቀበሌ ነበር። ጠዋት ስብሰባ ይደረግበታል፣ ከሰዓት ፊልም ይታይበታል። ሰዓት እላፊ ስላለ በምሽት ማሳየት አይቻልም፤ ስለዚህ መስኮቶቹን በብርድ ልብስ እንጋርዳለን። እንጋርዳለን ስል እኔ እጋርዳለሁ ማለቴ ነው፤ ብርድ ልብሱም የቤቴ ነው። ማሽኑ ከሰዉ መሃል ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። አንዱ ጥቅል ፊልም ሲያልቅ ሌላው እስኪገባ ሰው ውጭ ወጥቶ፣ ተነታርኮ ይመለሳል። ያለቀውን ወደ ኋላ የምጠቀልለው እኔ ነኝ። ፊልሞቹ የህንድ ናቸው፣ ቋንቋውን የሚሰማ የለም፤ ስለዚህ ጉርሜሳ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ ያስረዳል። እሱም ህንድኛ አይሰማም። ግን ያስረዳል።

ከፊልም ሠሪዎቹ ሁሉ ጎባ የምትወደው አንዱን ነበር። ስሙ በሚለጠፈው ሥዕል ላይ በትልቁ ይጻፋል፤ አንዱ እንዲህ ሌላው እንዲያ ስለሚያነበው ሰዉ ተወው፣ «አባ ዝናብ» አለው። በፊልሞቹ ሁሉ ሰው ከሰው ሊለያይ ሲል ዝናብ ይወርዳላ። ከታች ከሪራ ጫካ ማር ይዘው የሚወጡት ሰዎች ሳይቀሩ ማሩን ሸጠው ሲያበቁ የሚጠይቁት «የአባ ዝናብ አለ ዛሬ?» ብለው ነው።

ከፊልሞቹም የበለጠ የተወደደው «መንትዮቹ» የምንለው ነበር። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አራቱ ጥቅሎች አውቶብስ ጣሪያ ላይ ዝናብ ሲመታቸው መጥተው፣ ቁጥራቸው የተጻፈበት ወረቀት ሟሙቶ ቀርቷል። የቱ ከየቱ እንደሚቀድም አይታወቅም። ጉርሜሳ እየገለበጠ አያቸው። አንዱ ውስጥ ሰርግ አገኘ። «በቃ፣ ሰርግ ያለበት መጨረሻ ነው» አለ። «ሰው ሰርግ በልቶ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው፤ ከሰርግ በኋላ ምን ወሬ አለ?» ኋላ ሁለተኛ መሆኑ የታወቀውን ጥቅል እንዲህ አድርጎ መጨረሻ አደረገው።

ታናሹ መንታ ድልድይ ላይ ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ፣ በዝናብ፣ ወንዝ ውስጥ ይወድቃል። ቀጥሎ ሰርጉ ይመጣል፤ ያው ወንዝ የገባው ልጅ ሙሽራ ሆኖ ይጨፍራል። ጉርሜሳ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተደናገጠም። «ይኸውላችሁ፣ አልሞተም፤ ውሃው ወስዶ ዳር ጣለው፣ ዓሣ አጥማጆች አወጡት፣ ከወንድሙም ታረቀ!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ በኋላ ፊልሙ በመጣ ቁጥር እንዲያ ሆኖ ታየ። እኔ ራሴ ዓሣ አጥማጆቹን ያየኋቸው ይመስለኝ ነበር።

ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ይመስለኛል፣ ለአብዮት በዓል ከአባ ዝናብ ፊልሞች አንዱ ብቻ ሊላክልን ሆነ። የአዳራሹ ኃላፊ ጓድ ጎሹ «ሕዝቡ ይምረጥ» አለ። የነሐሴ ወር ሙሉ የአባ ዝናብ ወዳጆች ምርጫውን እኔ ቤት አደረጉት። ጭቃቸውን ከነጫማቸው ይዘው ይገባሉ፣ የቆላሁትን የገብስ ቆሎ ይጨርሳሉ፣ የትናንቱን ክርክር እንደ አዲስ ይጀምራሉ። አንዱ «የባቡሩ» ይላል፣ አንዱ «የዕውሯ» ይላል።

«የዕውሯ ይሁን» አለ አንድ ቀን ልብስ ሰፊው ጀሊል፤ ቀጥሎ ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። «ወይስ መንትዮቹ ይሁን? ወላሂ ተቸገርኩ።»

«የዕውሯን ያየህ ለት አልቅሰህ አልቅሰህ የሰው ሱሪ በተለያየ ክር ሰፍተሃል» አለው ጉርሜሳ። «ለደንበኞችህ ስትል መንትዮቹን ምረጥ።»

ክረምቱን አዲስ አበባ የከረመው መምህር ፀጋዬ የዚያን ቀን ነበር የመጣው። የናዝሬት ልጅ ነው፤ እዚህ ሒሳብ ያስተምራል፣ የአባ ዝናብ ፍቅር እሱንም ይዞታል። ቆሎውን በእጁ እንደያዘ፣ «ጋሼ ጉርሜሳ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መንትዮቹን አዲስ አበባ አየሁት። ልጁ እኮ ይሞታል» አለ።

«አይሞትም» አለ ጀሊል። «ሰርጉን ያየሁት እኔ ነኝ፣ አንተ የት ነበርክ?»

«ሰርጉ ከመሞቱ በፊት ነው።»

«እና ሞቶ ነው የተዳረው?»

«ተድሮ ነው የሞተው።»

«አዲስ አበባ ሄደህ ሰው ገድለህ መጣህ» አለ ጀሊል፤ ቤቱ ሳቀ። ጉርሜሳ ግን አልሳቀም። ያን ጊዜ ገባኝ። በዚያ ፊልም ነበር ከተማው ሁሉ የሚያውቀው፤ ገበያ ስንወጣ «የሰርጉ ሰውዬ» እያሉ ነው ሰላም የሚሉት። ፊልሙ ተገልብጦ ሲታይ እንደኖረ ከታወቀ መሳቂያ መሆኑ ነው።

ሰዎቹ ሲወጡ ለመንኩት። «ጉርሜሳ፣ የባቡሩን ምረጥና ተገላገል። ማንም ሳያውቅ ያልፋል።»

«ፈርቼ ተውኩት ሊባል?»

«እሺ መንትዮቹ ተመርጦ መጣ። በየትኛው ታሳያለህ?»

«በእኔው ነዋ። መምህሩ አንዴ አይቶ ነው፤ እኔ ስንት ዓመት አሳይቻለሁ።»

ቆሎዬን ቆላሁ።

በስብሰባው ዕለት እጅ ሲወጣ መንትዮቹ በብዙ እጅ አለፈ። ጉርሜሳ ሁለቱንም እጁን አውጥቶ ነበር፤ ጓድ ጎሹ አንዱን አስወረደው። ከዚያ መምህር ፀጋዬ ተነሥቶ፣ ፊልሙ አዘጋጁ በሠራበት ቅደም ተከተል እንዲታይ ሐሳብ አቀረበ። ጓድ ጎሹ ቅደም ተከተል የሚል ነገር ሲሰማ ደስ ይለዋል። «በቁጥሩ መሠረት ይታይ» ብሎ ዘጋው። ፊልሙም ሲመጣ ቁጥሩ ጣሳዎቹ ላይ በቀይ ቀለም ተቀብቶ መጣ። ጉርሜሳ ቀለሙን በጥፍሩ ሲፍቅ አይቼዋለሁ። አልለቀቀም።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። ሰርጉ ሁለተኛው ጥቅል ላይ ሲመጣ ሰዉ አጉረመረመ፤ ጉርሜሳም አፍሮ በአጭሩ አስረድቶ አለፈው። ሦስተኛው ላይ ማስረዳቱን ቀነሰ። አራተኛው ላይ ጨርሶ ዝም አለ። ድልድዩ መጣ፣ ዝናቡ መጣ፣ ልጁ ወደቀ። እናቱ በወንዙ ዳር እየሮጠች ስሙን ትጠራለች፤ ነጠላ የመሰለው ልብሷ ጭቃ ውስጥ ይጎተታል። በዚያው አለቀ። መብራት በራ።

አንድም ሰው አልተነሣም።

ከሮቤ ለበዓሉ የመጡ አደ ኦብሴ የሚባሉ አሮጊት ከፊት ነበሩ። «ልጄ ጉርሜሳ፣ ሰርጉን አድርግልንና እንሂድ» አሉ።

«አልፏል እማማ። ቅድም አይተውታል።»

«ያ ሳይሞት ነው። የዳነ ጊዜውን ነው የምልህ።»

«አልዳነም፣ እማማ።»

«ላኪ፣ ላኪ» አሉ በኦሮምኛ፣ የለም የለም ማለታቸው ነው፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «አምና ድኗል። አንተ ራስህ ነህ ድኗል ያልከን።»

ከዚህም ከዚያም «ሰርጉ ይምጣ» ማለት ተጀመረ። ጓድ ጎሹ ሰዓቱን እያየ መጣ። «ጓድ ጉርሜሳ፣ ሰርጉን አሳያቸውና ሕዝቡ በጊዜ ይበተን።»

እንግዲህ ከእኔም ከመምህሩም የተሟገተለት ነገር ይኸው ነው። ሰዉ እየለመነው ነው፣ አለቃው እያዘዘው ነው። ስሙም ዳነ፤ የሳቀበት የለም። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ፣ «በቁጥሩ ተብሏል። ቁጥሩ አልቋል» አለ።

ጆሮው ላይ ጎንበስ ብዬ «ምን ሆነሃል?» አልኩት።

«እናትየዋን አየሻት?» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል። «አባ ዝናብ ያን ሁሉ ዝናብ ያዘነበው ለእሷ ነው። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ከእሷ ላይ ሰርግ ስደግስ ኖርኩ። ትክክሉ ይሄ ነው፣ ጽጌ። ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።»

«ይብለጥ። አሁን ሰርጉን አስገባ።»

«አላስገባም።»

ከዚህ በላይ ትዕግሥት ከየት ይመጣል? መብራቱን አስጠፋሁና ሁለተኛውን ጥቅል ራሴ አስገባሁት። ከበሮው ተመታ፣ ሙሽራው ብቅ አለ፣ እልልታው ቀለጠ። የሚያስረዳ ግን የለም፤ ሰው ዞሮ ዞሮ ጉርሜሳን ያያል። ጀሊል ብድግ አለና በጉርሜሳ ቃል፣ በጉርሜሳ ድምፅ ጀመረ።

«ይኸውላችሁ አልሞተም፤ ውሃው ወስዶ ዳር ጣለው…»

«ሞቷል» አለ ጉርሜሳ።

«ዓሣ አጥማጆች አወጡት…»

«ዓሣ አጥማጅ የለም። ከራሴ ያመጣሁት ነው» አለ፤ በሙሉ አዳራሽ ፊት። መምህር ፀጋዬ እንኳ ደንግጦ «ጋሼ፣ ይተዉት፣ ይደሰቱ» ሲል ሰማሁት።

«አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አሁን ተው ትላለህ?» አለው ጉርሜሳ።

እንዲህ እየተባባሉ ሰርጉ አለቀ። አደ ኦብሴ ልጁ በመዳኑ አመስግነው ወጡ። ጀሊል ጉርሜሳን ሳይሰናበት ሄደ፤ እስከ ጥምቀት አላናገረውም፤ የጉርሜሳ ኮት እዚያው ሱቅ እጅጌው ሳይገጠም ከረመ። «የሰርጉ ሰውዬ» የሚለውን ስምም ከዚያ ወዲህ ገበያ ውስጥ አልሰማሁትም። እሱ መቅረቱን ያወቀም አይመስለኝ።

ብርድ ልብሶቼን አውርጄ ተሸክሜ ስንወጣ ያካፋ ነበር። እሱ ባዶ እጁን ከፊት ከፊት ይሄዳል። ድንገት ቆሞ ጠበቀኝ፤ ሸክሙን ሊቀበለኝ መስሎኝ ነበር።

«ጽጌ፣ የባቡሩንም ፊልም የቁጥሩ ወረቀት የለቀቀ ጊዜ ጥቅሎቹን እኔ ነኝ የደረደርኩት» አለኝ። «ለከርሞ እሱን ብናስመርጥና በትክክሉ ቢታይስ?»

«እኔ ከርሞ የለሁም፣ ሮቤ እኅቴ ጋ ነኝ» አልኩት።