እትዬ ጌጤን የጠራሁበት ቀን

በእኔ አፍ ቡዳ አደረጓት። ታምሜ፣ ታስሬ፣ ድረሺልኝ ብዬ የጠራሁትን ስም ነጥቀው «የበላችውን ተናገረ» ብለው ለአገር አወሩት። የተበደልኩት ይህን ነው። ሰንሰለቱም ዱላውም ከዚህ በታች ነው።

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ዳር፣ ከተፈናቃዮቹ መጠለያ ጀርባ ሳልፍ አንዲት ሴት የጭቃ ምድጃ በኩበት ስትተኩስ ሽታው መታኝ። የኩበት ጭስ ብቻውን ምንም አይደለም፤ ያልደረቀ ጭቃ ሲነካው ግን ዝናብ የነካው አቧራና የተለበለበ ጠጉር የተቀላቀለበት ዓይነት ሽታ ይወጣዋል። ቆሜ ቀረሁ። «ምን ጠፍቶህ ነው ወንድሜ?» አለችኝ። አልፌ ሄድኩ።

እትዬ ጌጤ ከአንኮበር ወረድ ብሎ፣ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። እንስራዋ በየሰዉ ቤት ነበር፤ እሷ ግን ከደጅ አታልፍም። ውሃዋን የሚጠጡት እሷ ባበጀችው ዕቃ ነው፣ ልጆቻቸውን ግን ዓይኗ እንዳያርፍባቸው ይሸፍኑባታል። እንዲህ ያለ አገር ነው ያሳደገኝ። ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ሬዲዮ ነበራት፤ ዜናውን እየሰማች፣ ድስቱን በለስላሳ ጠጠር እያሸች፣ ከአስተላላፊው ጋር ትጨቃጨቅ ነበር። ጠዋት ጉሙ ከቆላው ሲወጣ የእሷ ቤት አይታይም፤ የሬዲዮው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ሰው በሌለበት ድምፅ እሰማ ጀመር። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ያሙኛል፣ ይስቁብኛል፣ ገደሉን ያሳዩኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። አንድ የገበያ ቀን ከእኩዮቼ ጋር ሃይላንድ ውስጥ የተቀዳ አረቄ ቀመስኩና ሁለቱም ጸጥ አሉ። ጸጥታ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ የማያውቅ ሰው አይፍረድብኝ። አረቄ ሲታጣ ጫት ያዝኩ፤ ጫቱ እንቅልፍ እየነሳ ሰዎቹን አብዝቶ ይመልስልኛል። እንደገና ወደ አረቄው። አገሬው ያየው ስካሬን ነው። አባቴ ሞቶ ያሳደገኝ አጎቴ ማሙሸት ያገኘውን እያነሳ ይመታኝ ነበር። «ምን ሆነህ ነው?» ያለኝ የለም።

ጭቃ እየረገጥኩላት ሳለ አንድ ጠዋት እትዬ ጌጤ ቀና ሳትል «አንተ፣ ማን ነው የሚያናግርህ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። «ሁለት ናቸው።»

«ምን ይሉሃል?»

«ገደል ግባ።»

«አረቄውንስ ጠጣ የሚሉህ እነሱ ናቸው?»

«የለም። እኔ ስጠጣ ዝም ይላሉ።»

«ወይ ጉድ! አንተ ትጠጣለህ፣ እነሱ ይተኛሉ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ መሳቅ እንደምችል ረስቼው ነበር። ሳቋ ሲያልቅ እጇን ታጠበች። «በል ተነሥ። ሁለት በሽታ ነው ያለብህ። አንዱን በአንዱ ስታስታምም ልትሞት ነው።»

በሚኒባስ ከተማ ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም አፌን አሸተተና «መጀመሪያ መጠጡን ያቁም፣ ከዚያ አምጪው» አላት። እሷ ከወንበሩ አልተነሣችም። «አንተ ልጅ፣ እግሩ የተሰበረውን ሰው መጀመሪያ ሮጠህ ና ትለዋለህ?» አፍሮ በዕድሜ የሚበልጠውን ሐኪም ጠራ። ያኛው ስለ ድምፁም ስለ አረቄውም አንድ ላይ ጠየቀኝ፣ ኪኒን ሰጠኝ፣ መጠጡ በአንዴ ከተቋረጠ እንደሚጎዳኝ፣ ቀስ እያለ እንዲቀነስ ነገራት። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ደጇ ላይ «አፍህን ክፈት! ምላስህን አንሣ! ሌባ!» እያለች ታስውጠኝ ነበር። አረቄውን ራሷ በመለኪያ ትቀዳለች፣ በየሳምንቱ ታጎድላለች። ሁለቱ ሰዎች እየራቁ ሄዱ፤ በወንዝ ማዶ እንደሚያወሩ ሆኑ።

አጎቴ ሰማ። «ከሸክላ ሠሪ እጅ ይውጣል!» ኪኒኑን ደፋው፣ አስሮ ጠበል ወሰደኝ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ አምንበታለሁ። የምነቅፈው ሰውን ነው። ኪኒኑም አረቄውም ባንድ ጀምበር ተቋረጠብኝ። ተንቀጠቀጥኩ፣ አስመለሰኝ፣ ላቤ ልብሴን አጠበው። ያ መንቀጥቀጥ የአረቄው መቋረጥ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። እነሱ ግን «ቡዳው መጮህ ጀመረ» አሉ። በእኛ አገር ቡዳ የበላው ሰው ሲጮህ ከበው የበላተኛውን ስም ያስለፈልፉታል። «ማነህ? ከየት ያዝከው? ተናገር!» ይሉኛል፤ ውሃው ይወርድብኛል፣ ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቴን ይበላኛል። «ጌጤ! እትዬ ጌጤ!» ብዬ ጮኽኩ።

እንድትመጣ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው ጋር የሚጨቃጨቅልኝ ሌላ ማን ነበረኝ?

«ሰማችሁ? ለፈለፈ!» አለ አጎቴ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበረ። ያንን ደስታ እስካሁን አልረሳሁትም፤ ልርሳውም አልፈልግም።

በሚቀጥለው ገበያ ዕቃዋን ዘርግታ ዋለች፤ ዋጋ እንኳ የጠየቃት የለም። ለመተኮስ የደረደረችውን ሸክላ በእርግጫ በተኑት። እንስራዋን ግን ማንም ከቤቱ አውጥቶ አልጣለም፤ ሲጠጡበት ነው የከረሙት! ሴት ልጇን ይዛ ደብረ ብርሃን ገባች።

ሰንሰለቱ ሲፈታልኝ ጠፍቼ ፈልጌ አገኘኋት። በሩን ከፍታ «ኪኒንህን ትተሃል አይደል?» ነው ያለችኝ። እግሯ ላይ ወድቄ ነገሩ እንዴት እንደነበረ ልነግራት ስጀምር አፌን ያዘችኝ። «ሰው ሲጠራኝ አላውቅም እንዴ?»

ሐኪሙ ጋ እንደገና ወሰደችኝ። አረቄውን እስክተው ዓመታት ፈጀብኝ፤ ስወድቅ ትሰድበኛለች፣ በሩን ግን ዘግታብኝ አታውቅም። የማታ ትምህርት ቤት የገፋችኝም እሷ ናት፤ ጢም አውጥቼ ከሕፃናት ፊደል ጋር ታገልኩ። ያነበብኩላት የመጀመሪያው ነገር የኪኒኑ ብልቃጥ ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ከዚያ ሞተች። ስሟ እዚያ ተራራ ላይ እንደቆሸሸ ሞተች።

በየዓመቱ ሽማግሌ እልክ ነበር። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ አጎቴ በዚያው አገሬው ፊት ቆሞ ሐሰት መሆኑን ይናገር። «የሞተችን ሴት ምን ይጠቅማታል?» ይላል። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይመለሳሉ። «ተወው፣ የሥጋ ዘመድህ ነው» ይሉኛል። ሥጋዬን ማን እንደጠበቀው እነሱ ያውቃሉ?

ከዚያ የገዛ ልጁ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ጫት ላይ ወደቀ፤ ከግድግዳ ጋር ያወራ ጀመር። አጎቴ ከሰል የመሰለ ፊቱን ይዞ ደጄ መጣ። «ያ ሐኪም የት ነው ያለው?»

ልጁን ይዤው ሄድኩ። እኔ ማሙሸት አይደለሁም። እሱን ግን አላናገርኩትም። ልጁ ኪኒኑን እየዋጠ፣ ጫቱን እየቀነሰ፣ ሰው ሲሆን ስድስት ወር ሳይሞላ አጎቴ ራሱ ሽማግሌ ላከ።

ቅዳሴ ሲወጣ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ በእትዬ ጌጤ ልጅ ፊት ቆመ። አገሬው ዙሪያውን ሞልቷል። «ያቺ ሸክላ ሠሪ አልበላችም። ያሳደግሁት ልጅ ለእርዳታ ነው የጠራት። እኔ ነኝ የዋሸሁት» አለ።

ልጅቷ ድንጋዩን አውርድ አላለችውም። «ስም አላት። ከነአባቷ ጥራት» አለችው።

ጠራት። ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እሑድ።