ትከሻዬ ላይ የቀሩት አረንጓዴ ጣቶች

ካቻምና በመጋቢት ነው። አሜሪካ፣ ዳላስ አጠገብ ሌዊስቪል የምትኖረው ጓደኛዬ ዘነበች ጋ ለሦስት ወር ሄጄ ነበር። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነታችን ጀምሮ አብረን የጸለይን ሰዎች ነን። የሆነውን እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከሐሳቤ ግን አልወጣም።

ከዘነበች በላይ ባለው ፎቅ ልጇን ልትጠይቅ ከሕንድ የመጣች፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነበረች። የምንግባባበት ቋንቋ የለንም። ጠዋት ጠዋት ግን በግቢው ዙሪያ አብረን እንራመድ ነበር። አንድ ቅዳሜ በር አንኳኩታ በእጇ ጠቀሰችኝ። ሆሊ የሚሉት የሂንዱዎች የቀለም በዓል ነበር።

የሌላ ሃይማኖት በዓል ስለሆነ አመነታሁ።

«ሂጂ እንጂ ሙሉ! ታዲያ ምን ይሆናል? ቀለም መረጫጨት ነው። እኔም እመጣለሁ» አለች ዘነበች።

ሣሩ ላይ ትልቅ ትንሹ የቀለም ዱቄት እየተረጫጨ ይስቃል። ሴትዮዋ በጣቷ ቀይ ዱቄት ይዛ መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን አየች። እሺ ስላት ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። ዘነበችማ እስከ ክንዷ አረንጓዴ ሆና ነበር። «ለሠርግሽ እንኳን እንዲህ አላማረብሽም!» እያለች ትከሻዬን አቀፈችኝ። የሴትዮዋ ልጅ በዘነበች ስልክ ፎቶ አነሳን።

እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ግማሹ መጋዘን፣ ግማሹ አየር ማረፊያ ሲሠራ ይሰነብታል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ሥራም፣ የሚከራይ ቤትም፣ ልጅ የሚይዝም የሚገኘው እዚያ ነው። «ቀለም የተቀባች ሐበሻ ሕንዶቹ መሐል ታየች» የሚለው ወሬም ቀድሞን ደርሶ ነበር።

በሴቶች ጸሎት ላይ ዘነበች ተነሣች። «የጸሎት ርዕስ አለኝ። እንግዳዬ የጣዖት በዓል ላይ ተገኝታለች። አትሂጂ ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም» አለች። ፎቶውን ከፍታም ስልኳን በሴቶቹ መሐል አዞረች።

እኔም ጋ ደረሰ። ፎቶው ላይ እኔ ብቻ ነኝ። የእሷን በኩል ቆርጣዋለች፤ ትከሻዬ ላይ ግን አራት አረንጓዴ ጣቶች ቀርተዋል። የማን እንደሆኑ የጠየቀ የለም።

«አይዞዎት እማማ፣ ጌታ ይቅር ባይ ነው» አለችኝ አንዲት ወጣት። ከበው እጃቸውን ጫኑብኝ። ዘነበችም ጫነች። እኔ አሜን አልኩ።

መኪና ውስጥ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ «ምን ላድርግ ሙሉ? አንቺ ትሄጃለሽ፤ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ።

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አልኳት።

በቀሩኝ ሳምንታት ጠዋት ከቤት አልወጣሁም። ሴትዮዋ ሁለት ቀን አንኳኳች፤ በሦስተኛው ተወች። እሷንም እኔ በደልኳት።

ዘነበች አሁንም ትደውላለች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ፈርታ እንደሆነ ይገባኛል። ባለፈው ወር ሐኪም ዓይኔ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። በማግስቱ ደውላ «ምን አዲስ ነገር አለ?» አለችኝ።

ዝናቡ መጀመሩን ነገርኳት።