የጌታሁን ሦስት ሰከንድ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ባለቤቴ ጌታሁን ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጠ፤ እኔ ከመስታወቱ ወዲህ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ያዝኩ። የሬዲዮ ስቱዲዮአችን በስደት አገር፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ከአንድ ምግብ ቤት ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነበር። ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍነነዋል።

«አስኩ፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ካልን አድማጭ ይሄዳል» አለኝ።

ምልክት ተስማማን። የተከፈተ መዳፍ «ተናገር»፣ የተጨበጠ እጅ «ጠብቅ» ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሁለተኛውን አንድም ቀን ተጠቅሜበት አላውቅም።

ድምፁ ተወደደና ለሰፈር ምክር ቤት ተወዳደረ። ክርክሩ ላይ ተቀናቃኙ ንግግር ሲጠፋው ጌታሁን ዝምታውን አልቻለም፤ የሰውዬውን መልካም ሥራ ይዘረዝርለት ጀመር። ቢሆንም ተመረጠ።

ከዚያ የአገራችን የክብር ቆንስል ሆነ። ደመወዝ የለውም፤ ካርድና ትንሽ ባንዲራ አለው። የመጀመሪያ ተልእኮው ለእንቁጣጣሽ ፌርፋክስ ሙሉ ቀን ለመኪና እንዲዘጋ ማስፈቀድ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ይጠብቃል።

የከተማው ሹም ማመልከቻውን አንብባ ዝም አለች።

«ግማሽ ቀንም ይበቃናል» አለ ጌታሁን። ዝም። «አንዱ መስመር ብቻም ቢሆን።» ዝም። «የእግረኛው መንገድም አያንሰንም።»

ሴትየዋ ለካ እስክሪብቶ ስትፈልግ ነው። አገኘችና የእግረኛውን መንገድ ፈቀደችልን።

በዓሉን አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፈን አከበርን። ድፎ ዳቦው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሰልፉ መሐል ሳይደርስ አለቀ። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ መርሻ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆነውን ጌታሁንን አንቱ አሉት።

«ክቡር ቆንስል፣ ለከርሞ ደግሞ ጣሪያ ላይ ያስፈቅዱልን። ካልሆነልዎ ባንዲራውን ይመልሱ።»

በዓመቱ አብሬው ሄድኩ። ከሴትየዋ ጀርባ፣ መስኮቱ አጠገብ ቆምኩ። ማመልከቻውን አንብባ ዝም ስትል እጄን ጨበጥኩ። ጌታሁንን ላብ አጠመቀው። አሥራ አራት ሰከንድ ቆጠርኩ።

«ኦኬ፣ ሙሉ ቀን» አለች። «እስከ ሁለተኛው የትራፊክ መብራት ይበቃችኋል?»

አፉን ሲከፍት እጄን አጠበቅኩ።

«ኦኬ፣ እስከ ሦስተኛው።»

መኪና ውስጥ «አስኩ፣ ዝምታው ሊገድለኝ ነበር» አለኝና ቤታችን ቫን ናይስ እስክንደርስ ያጠራቀመውን ሁሉ አወራ።

አምና ጌታሁንን ቀበርን። ከቀብሩ በኋላ በተሰበሰብንበት አዳራሽ ጋሼ መርሻ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ጠየቁ። ሦስት ሰከንድ ሲያልፍ መዳፌ በራሱ ተከፈተ። ማንም አልተናገረም። ቀስ ብዬ ጨበጥኩት።

መቆጣጠሪያው ላይ ለምትቀመጡ፦ ሁለቱንም ምልክቶች ተለማመዱ። እጃችሁ ተናጋሪው በሚያይበት ቦታ ይሁን።