ሲጮህ የነበረው ሰውዬ

የፖሊስ ጣቢያው የሴቶች ክፍል በር ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። የሴቶች ጫማ፣ ግድግዳውን ተከትሎ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተደርድሯል፤ ሸበጥ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ አንድ ተረከዙ የተሰበረ ታኮ። የኔን ስኒከር ይዤ ቆምኩ። ክሩን ስገባ ፈትተው ወስደውታል። ክፍሉ የበረኪናና የእርጥብ ፍራሽ ሽታ አለው። ከላይ በሽቦ የታጠረች መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የመንገዱ ጥሩምባ ይገባል።

«መጨረሻ ላይ አድርጊው፤ ሰልፍ አለው» አለችኝ አንዷ። «በሩ ጋ የሚቀመጠው ሊወጣ የደረሰ ሰው ጫማ ነው።»

ባምቢስ አካባቢ ካልሲ እያዞረች ስትሸጥ ከደንብ አስከባሪ ጋር ተጣልታ የገባች ናት። ከሁሉም ስለቆየች የክፍሉ ካቦ እሷ ናት፤ ማለቴ ማን የት እንደሚተኛ የምትወስነው።

«በምን ገባሽ?»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው አየር ብቻ ነው።

«ጮክ በይ እንጂ። እዚህ ማንም አይበላሽም።»

«በሙዚቃ» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዘፋኝ ነሽ? በዚህ ድምፅ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፤ እሱም አልወጣም።

ድምፄ የት እንደሄደ ላስረዳ።

እኛ ሦስት ነን። ጊታር የሚጫወተው የቄራ ልጅ ነው፣ ቤዝ የሚጫወተው የወሎ ሰፈር ልጅ፣ ድራምና ድምፅ እኔ። የምንጫወተው ሄቪ ሜታል ነው። ካዛንቺስ እኛ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ውስጥ እንለማመዳለን። የጀመርነው ጊታሪስታችን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ እየገለበጠ የሚያመጣቸውን የውጭ ባንዶች ሰምተን ነው፤ ግን እነሱን ስንመስል ሦስታችንም የሰው ልብስ የለበስን ይመስለን ነበር። ነገሩ የተለወጠው ቤዚስታችን አንድ ቀን የአያቱን በገና አስታውሶ ከቤዙ ክሮች ሥር ቁርጥራጭ ቆዳ ሲወሽቅ ነው። በገና እንደዚያ የሚነዝረው ከክሩ ሥር ባለችው ቆዳ ነው። ቤዙም ነዘረ። ጊታሪስታችን የጊታሩን ክሮች አላልቶ ድምፁን ወደ ታች አወረደለት። እኔ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩ። የከበሮውን ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ በሁለት እጁ ማመላለስ የለመደ ሰው፣ ድራም ላይ ሁለት እግሩን ለማመላለስ ብዙ አይቸገርም።

ድምፁንም ያገኘሁት እዚያው ነው። «ድምፅ ከሆድ ይወጣል፣ ጉሮሮ በር ብቻ ነው» ትለን ነበር የመዝሙር አስተማሪያችን። ለእንዲህ ዓይነት ነገር ማሰቧ አይመስለኝም። እኔ ከሆዴ ስጮህ የሚወጣው የአንድ ወፍራም ሰውዬ ድምፅ ነው። እናቴ መጀመሪያ የሰማች ቀን መጥረጊያ ይዛ ነበር ሮጣ የመጣችው።

ማይካችን አንድ ነው፣ እሱም የተዋስነው። አንድ ላይ ስንጫወት ድራሙ ድምፄን ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሙዚቃውን እንቀዳለን፤ ከዚያ እኔ ሄድፎን አድርጌ፣ ሙዚቃውን እየሰማሁ፣ ድምፁን ብቻዬን እቀዳለሁ። በቃ፣ ስህተታችን ይሄ ነው። ሄድፎኑ ውስጥ ጊታር አለ፣ ቤዝ አለ፣ ድራም አለ። ውጪ ላለ ሰው ግን ያለው አንድ የሚጮህ ሰውዬ ብቻ ነው።

ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አጥራችን ላይ በቀይ ቀለም የማፍረሻ ምልክት ከተደረገ ጀምሮ ስጽፈው፣ ስሰርዘው ከርሜ ነበር። የሚናገረው ቤቱ ራሱ ነው። «እዚሁ ነኝ፣ ኑና አፍርሱኝ። እዚሁ ነኝ፣ አልነቃነቅም» ይላል። ሦስተኛዋ መስመር ላይ ትንፋሽ እያጠረኝ ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ደጋገምኩት። ሞቆን ስለነበር መስኮቱን ከፍተነዋል። ከአጥሩ ማዶ፣ በወረዳው አዳራሽ፣ ስለ ሰፈሩ መፍረስ የነዋሪዎች ስብሰባ እየተካሄደ ነበር። ስብሰባ እንዳለ ጠዋት እናቴ ነግራኛለች። ያኔም ሄድፎን አድርጌ ስለነበር አልሰማኋትም።

ሁለት ፖሊሶች ገቡ።

«ሰውዬው የት አለ?»

«የቱ ሰውዬ?» አለ ጊታሪስታችን።

«ሲጮህ የነበረው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ያን ሁሉ ስደጋግም ግን ሆዴን ረስቼ በጉሮሮዬ መጮህ ጀምሬ ነበር፤ ድምፄ አልቋል። የወጣው የድመት ግልገል ድምፅ ነው። ፖሊሱ አልተቆጣም እንኳ። ቁም ሳጥኑን ከፈተ፣ ከድራሙ ጀርባ አየ።

«ማለቴ… እዚህ ከኛ በቀር ሰው የለም» አለ ቤዚስታችን። እሱ በተፈጥሮው ድምፁ ወፍራም ነው። ፖሊሶቹ ተያዩ። ከዚያ ሦስታችንንም ወሰዱን፤ ላፕቶፑንም።

መርማሪው የአባቴ እኩያ ናቸው። አንድ በአንድ አስገብተው ጠየቁን፤ እኔ መጨረሻ ነበርኩ።

«ጓደኛሽ አምኗል» አሉኝ። «የጮህኩት እኔ ነኝ ብሏል። አንቺና ያኛው ልጅ ነገ በዋስ ትወጣላችሁ። እሱ ሕዝብ በማነሳሳት ወደ ሌላ ቦታ ይተላለፋል። ማን እንደላከው እዚያ ይናገራል።»

ቤዚስታችን ለምን እንዳመነ ወዲያው ገባኝ። እኔን ለማስወጣት ነው። ግን ማንም የላከው የለም። ማን ላከህ ሲሉት ምን ብሎ ይመልሳል?

«የጮህኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እስቲ አሰሚኝ።»

ሞከርኩ። ያረጀ በር ሲከፈት የሚያሰማው ዓይነት ነገር ወጣ። መርማሪው ሳቁ፣ በክፋት አይደለም። «ጓደኛ መውደድ ጥሩ ነው» አሉ።

«ነገ ጠዋት ይመለስልኛል። ነገ ይስሙኝ።»

«ጓደኛሽን የሚወስደው መኪና ሳይመጣ ከሆነ» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ።

ወደዚያ ክፍል የገባሁት እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ይሄን ሁሉ በሹክሹክታ ተናገርኩ። ስለ አዳራሹ ሳወራ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሴትዮ ቀና አሉ። አስተማሪ ናቸው፤ ሁሉም «ቲቸር» ይሏቸዋል።

«ያ አንቺ ነሽ?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔ ከስብሰባው ነው የመጣሁት» አሉ። «ማንም እጅ አላወጣም ነበር። ሰው ሁሉ ወለል ያያል። ከዚያ ከአጥር ማዶ ‹ኑና አፍርሱኝ› የሚል መጣ። ደግሞ መጣ። አንድ ሰው እንኳ እንዲህ ካለ ብዬ እጄን አወጣሁ፤ ወዴት እንሂድ ብዬ ጠየቅኩ። አሁን ከሰውዬው ጋር ተመካክረሽ ነው ይሉኛል። አላውቀውም ብል ማን ይመነኝ።»

«አሁን አወቁት፣ ቲቸር» አለች ካቦዋ። «ይኸውልዎት። ካልሲ እንኳ የለውም።»

ቲቸር አልሳቁም። አጠገቤ መጥተው አገጬን ቀና አደረጉና አፌን አስከፍተው ጉሮሮዬን አዩ። «ከአሁን ጀምሮ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አሉኝ። «ሹክሹክታም ይጎዳል። ጠዋት የምትናገሪው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ሥራ ያዘ። ካቦዋ በር ላይ የምትጠብቀውን ዘብ «የኔ ቆንጆ፣ የኔ እህት» ብላ ትኩስ ውሃ አስመጣች። ዝንጅብል ከአንዷ ስንቅ ወጣ፣ ማር ከሌላዋ። እናቴ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ መጥታ ኖሮ፣ ከሹሮ ፍትፍቱ ጋር ሻርፕ ገባልኝ። «አንገቷን ትሸፍን በሉልኝ ብላለች» አለች ዘቧ። ያኔ መጥረጊያ ይዛ ሮጣ የመጣችው እናቴ ይሄን ላከች። ሻርፑን ጠምጥሜ ትንሽ አለቀስኩ፤ ያለ ድምፅ።

«አሁን ይሄ ሙዚቃሽ ምን ዓይነት ነው?» አለች ካቦዋ። ማውራት ስለማልችል ባዶውን ጀሪካን ሳብኩና ጭኔ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ምት መታሁ፣ ቀስ ብዬ።

«ይሄማ የኛው ነው» አሉ ቲቸር።

ከዚያ እጥፍ አደረግኩት፣ ከዚያም የእጥፍ እጥፍ። ጀሪካኑ ጮኸ። አንዷ ወለሉን በመዳፏ ተከተለችኝ፣ ሌላዋ በማንኪያ። ቲቸር እየሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። «ያው ነው እኮ፣ የሚሸሽ ሰው ሲመታው» አሉ። ሙዚቃችንን እንደዚህ አሳጥሮ ያስረዳልን ሰው የለም።

ቆጠራ ሲመጣ ዘቧ ስሜን ጠራች። ካቦዋ «አቤት» አለችልኝ። የራሷም ስም ሲጠራ «አቤት» አለች።

«አንቺ ሁለት ሆነሻል?»

«ለቆጠራ ነው። ሲበላ አንድ ነኝ።»

ተኛን። ካቦዋ ከጥቅሏ ውስጥ አንድ ካልሲ አውጥታ እግሬ ላይ ወረወረች። «ናሙና ናት፣ አትመልሺ» አለች።

ጠዋት ስጠራ ስኒከሬን መጨረሻ ላይ ፈለግኩት፤ የለም። በሩ ጋ ነበር፣ ከሁሉም ፊት። ማን እንዳመጣው አልነገሩኝም። ሁሉም የተኙ መስለዋል።

ቢሮው ውስጥ ቤዚስታችን ቆሟል። ሲያየኝ ራሱን በትንሹ አወዛወዘ፣ ተይ ማለቱ ነው። መርማሪው ላፕቶፑን ከፍተው ቀረጻውን አጫወቱት። ሰውዬው በክፍሉ ውስጥ ጮኸ። ያለ ሙዚቃው ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። እውነት ለመናገር፣ እኔም ፈራሁት።

«ተራሽ ነው» አሉ መርማሪው።

ሻርፑን ፈታሁ። እጄን ሆዴ ላይ አደረግኩ። ድምፄ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ከማታ ጀምሮ አልሞከርኩትም። ቤዚስታችን ወለሉን እያየ በጫማው ጫፍ ምት ጀመረልኝ። ገባሁበት።

«እዚሁ ነኝ፣ ኑና አፍርሱኝ።»

መጣ። ከሆዴ መጣ፣ በጉሮሮዬ አልፎ ሄደ። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ኮፍያውን ያዘ። ሦስተኛዋን መስመር ትንፋሽ ሳያጥረኝ አለፍኳት። ስጨርስ ከግቢው ማዶ፣ ከሴቶቹ ክፍል፣ እልልታ ተነሳ።

መርማሪው ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

«ይሄን ነገር ከየት አመጣሽው?»

«ከሰንበት ትምህርት ቤት።»

«አፍርሱኝ የሚለው ማነው?»

«ቤታችን ነው፣ ጋሼ።»

«ማን ጻፈልሽ?»

«ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

ግንባራቸውን አሹ። «አለቃዬ ፊት ምን ብዬ ላስረዳ ነው?» አሉ፣ ለኛ ሳይሆን ለጠረጴዛው። ቀረጻውን ፊታችን አጠፉት። ከዚያ «ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር አልጽፍም በይና ሂጂ» አሉኝ።

ማለት ቀላል ነበር። በሩ ክፍት ነው፣ እናቴ ውጪ ናት፣ ቤዚስታችን ሊተላለፍ አይደለም።

«ሁለተኛ ብቻዬን አልጮህም» አልኩ። «ከሙዚቃው ጋር ነው የምጮኸው።»

አዩኝ። አላስደገሙኝም።

«ሰውዬ ከሌለ ደግሞ ቲቸርም ከማንም ጋር አልተመካከሩም» አልኩ።

«እሱ አንቺን አይመለከትሽም።»

«አይመለከተኝም። ግን ሰውዬ የለም፣ ጋሼ።»

ምሳ ዕቃዬን ላምጣ ብዬ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ። ካቦዋ አቀፈችኝ። ቲቸር ግንባሬን ሳሙኝና «ጮኸሽ ሳይሆን ተንፍሰሽ ነው ያዳንሽን» አሉ፤ አስተማሪ ናቸው፣ ሳያርሙ አይለቁም። ልወጣ ስል ጎንበስ አልኩና የእሳቸውን ጫማ፣ ያን ተረከዙ የተሰበረውን ታኮ፣ ከመሃል አንስቼ የኔ በነበረበት ቦታ፣ በሩ ጋ አደረግኩት። ዘቧ አየችኝ። ጫማውን ግን አልመለሰችውም።

ቲቸር በዚያው ሳምንት ተፈቱ።

ዘፈኑን እንደገና ቀዳነው። አሁን ሄድፎን የለም። ሦስታችንም አንድ ላይ፣ አንድ ጊዜ፤ ማይኩን ከጣሪያው አንጠልጥለን ድራሙን በፍራሽ ከልለን። መግቢያው ላይ ጀሪካን አለ። ድራሙ አሁንም ድምፄን ትንሽ ይውጠዋል፣ ይዋጥ። ቀዩ ምልክት አጥራችን ላይ እንዳለ ነው፤ ቤቱም እንዳለ ነው። ለስንት ጊዜ እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ ግን አሁን መጻፍ አልፈራም፤ ይሄንንም የምጽፈው እዚያችው ሰርቪስ ውስጥ፣ የካቦዋን ካልሲ አድርጌ ነው።

የቀዳን ቀን መስኮቱ ክፍት ነበር። ስንጨርስ አዛውንቷ ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አወጡ። ያን ቀን ፖሊሶቹን ሲገቡ ያዩ እሳቸው ናቸው።

«ያ ሰውዬ ተፈታ እንዴ?»

ቤዚስታችን ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ተፈታ፣ እማማ።»

«እሰይ» አሉ። «እንኳን ለቤቱ አበቃው።»