የተቆለፉት ፓኬጆች

ሩታ ከቡሹሎ በባጃጅ መጥታ ቢሮ ስትገባ ሁሉንም እየጨበጠች ሰላም ትላለች፤ በርናባስ ጋ ስትደርስ ግን ቦርሳዋን ማስተካከል ትጀምራለች። እሱም ለምዶታል። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ላሉ ሎጆች የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ የሚሠሩት ሁለቱ ናቸው።

ጠባቸው የመጣው በአንድ ፓኬጅ ነው። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ሁሉንም ነገር ራሱ አይጽፍም፤ ሌሎች ጽፈው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጡትን ኮድ፣ ፓኬጅ የሚሉትን፣ አምጥቶ ይገጥማል። በርናባስ ቀን የሚያሰላ ፓኬጅ አመጣና አዲስ ቨርዥን፣ ማለትም የተሻሻለ እትም፣ በወጣ ቁጥር በራሱ እንዲታደስ አድርጎ ተወው። የጻፈው አንዳቸውም የማያውቁት የውጭ ሰው ነበር። ሰውየው አሠራሩን ሲቀይር፣ ለሲዳማ አዲስ ዓመት፣ ለፊቼ ጨምበላላ፣ የተያዙት ክፍሎች ቀናቸው ተዛነፈ። በርናባስ ያን ቀን አዲስ አበባ ሠርግ ሄዶ ስልኩን ዘግቶ ነበር። ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ የቀሩት እንግዶች የሰደቡት ሩታን ነው። ሲመለስ፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል፣ "ኮዱ የኔ አይደለም፤ ምን ላድርግ?" አላት።

ከዚያ ወዲህ ሩታ ፓኬጆቹን በራሳቸው እንዳይታደሱ አንድ በአንድ ባሉበት ቨርዥን ቆለፈቻቸው። የድርጅቱ ባለቤት ወይዘሮ ሙንተሃም ሥልጣኑን ለእሷ ሰጧት፤ ሩታ ካልፈቀደች የሚገባም የሚታደስም ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ጥንቃቄ ነበር። እያደር ግን ጥንቃቄው ተነነና ቂሙ ቀረ። በርናባስ ያቀረበውን ሁሉ ሳታነብ ትመልስ ጀመር። ፊቱ ሲጨልም ማየት ደስ ይላት ነበር።

ባለፈው ክረምት፣ እንግዶች የፓስፖርታቸውን ፎቶ የሚልኩበት ፓኬጅ ሌባ የሚያስገባ ክፍተት እንዳለበት ሠሪዎቹ ራሳቸው አስታወቁ፤ የተስተካከለ ቨርዥንም አወጡ። በርናባስ አንብቦ ነገራት። ቀና ሳትል ሥራ ላይ መሆኗን ነገረችው። በማግስቱ ሰው ፊት ደገመላት።

"አንተ የምታመጣው ነገር የሚያደርገውን አይተነዋል" አለችና ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

የወይዘሮ ሙንተሃ ቢሮ ከኮሪደሩ ማዶ ነው። በርናባስ ግን አልሄደም። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ በዚያ ክፍተት የአንድ ሎጅ እንግዶች የፓስፖርት ፎቶ ተሰርቆ ወጣ። የሎጁ ባለቤት አቶ ደምሴ ራሳቸው መጡ። አልጮኹም፤ ድረ ገጻቸው ዛሬውኑ እንዲዘጋ፣ ከእንግዲህም ማንም ከዚህ ቢሮ እንዳይደውልላቸው ተናግረው ወጡ።

ወይዘሮ ሙንተሃ ሁለቱንም ጠሩ። በርናባስ ማስጠንቀቁን ገና መናገር ሲጀምር ሩታ ቀደመችው።

"ነግሮኛል። ያልሰማሁት የነገረኝ እሱ ስለሆነ ነው።"

ወይዘሮ ሙንተሃ ወደ እሱ ዞሩ። "ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?"



"እስክወድቅ እየጠበቀ ነበር" አለች ሩታ። እሱም አላስተባበለም።

ወይዘሮ ሙንተሃ ሁለቱንም ቢያባርሩ በወደዱ ነበር፤ ኮዱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ግን የለም። ስለዚህ ከመባረር የከፋ ነገር ፈረዱባቸው፤ ከእንግዲህ ሁለቱም አብረው አይተው ካልተስማሙ አንድም ፓኬጅ አይገባም፣ አንድም አይታደስም።

አሁን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ወንበር አስጠግተው አንድ ስክሪን ያያሉ። እሷ የፓኬጁን ስም ታነባለች፤ እሱ በአዲሱ ቨርዥን የተለወጠውን ያነባል። "ይግባ" ወይም "ይቆይ" ከማለት በቀር ቃል አይለዋወጡም። ክርናቸው እንዳይነካካ ሁለቱም ይጠነቀቃሉ።

ባለፈው ሐሙስ ባለቤቱ የተቀየረ አንድ ፓኬጅ ሊያሳልፍ ሲል እጇን ዘርግታ አስቆመችው። አዲሱ ባለቤት የእንግዶቹን ስልክ ቁጥር ወደማይታወቅ ቦታ የሚልክ መስመር ጨምሮበት ነበር። በርናባስ መስመሩን ደጋግሞ አነበበው።

"ይቆይ" አለ።

አላመሰገናትም፤ እሷም አልጠበቀችም። ወደሚቀጥለው ስም አለፈች።