ያው ቅጠል

ማለዳ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰው ዳዊት ሲደግም በሰማሁ ቁጥር ጆሮዬ ላይ የሚመጣው የእህቴ የአበበች ድምፅ ነው፤ እሷ ግን በዚያ ዜማ ትለው የነበረው የባዮሎጂ መጽሐፍ ነበር።

አበበች እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ስትማር አንደኝነቷን ለማንም አታስነካም ነበር። በመስከረም ዘጠነኛ ልትገባ ወደ መሀል ሜዳ ከተማ ስትወርድ፣ የደብራችን መሪጌታ የነበሩት አባታችን ከጊሼ ለመጡት የጋብቻ ሽማግሎች «ዘንድሮ ትማር፤ ከወደቀች ልጅቷ የእናንተ ናት» ብለው ቃል ሰጡ።

በታኅሣሥ፣ ውርጩ ገብሱን ሲለበልብ፣ ስንቅ ልትወስድ መጥታ የበግ ጠጉር ዝተቷን እንደተከናነበች እሳት ዳር ተቀመጠችና «አባዬ፣ አስተማሪዎቹ ሁሉንም በእንግሊዝኛ ነው የሚሉት፤ ጠብ የሚልልኝ ነገር የለም» አለች።

«ዳዊቱንስ ትርጓሜውን አውቀን ነው እንዴ የጀመርነው? አንቺ ንባቡን ያዢ፤ ምስጢሩ ኋላ ይመጣል» አሏት። አባቷ ናቸውና አመነቻቸው። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ እየተወዛወዘች፣ አንዲት ቃል ሳትስት ታንበለብለው ነበር፤ እናታችንም «ይቺ ልጅ ፈረንጅ ሆና ቀረች!» እያለች ትስቅ ነበር።

በሰኔ ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። እኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩና ብርሃን አስተፃምሮ የሚባለው ትምህርት ግራ ቢገባኝ አስረጂኝ አልኳት። ከጓሮ የጎመን ቅጠል ቀጥፋ፣ ቅጠል ከብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ አጣፍጣ ነገረችኝ። የመጽሐፌን ሥዕል ሳየው ግን የማውቀው መሰለኝ።

«እትዬ፣ ይኼ ሥዕል ያንቺም መጽሐፍ ላይ አለ።»

ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ዘርግታ የሥዕሎቹን ቀስቶች በጣቷ ተከተለች፤ ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይኼ ነበር እንዴ?» አለች። «ይኼንማ አውቀዋለሁ! ዓመቱን ሙሉ የማውቀውን ነው እንዴ...» መጨረስ አቃታት። እኔም አጥፍቼ እንደሆነ እንጃ ብዬ በድንጋጤ ደርቄ ቀረሁ። መደብ ላይ የነበሩት አባታችን ዳዊታቸውን ከደኑ፤ እንደዚያ ደንግጠው አይቻቸው አላውቅም።

ወደቀች። አባታችን ዓመቱን ትድገም ብለው ሽማግሎቹን ቢለምኑ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ መሪጌታ» አሏቸው። በጥር ተዳረች።

እኔ በተራዬ ዘጠነኛ ስገባ አባታችን «ትርጉሙን ሳትጠይቂ አንዲት ቃል እንዳትይዢ» ብለው ላኩኝ፤ ተምሬ አስተማሪ ሆንኩ። ዛሬ ተማሪ ዝም ብሎ ሲያየኝ የማውቀው ድንጋጤ ይይዘኝና በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፤ ብዙውን ጊዜ ያውቀዋል። ያኔ አበበችን በአማርኛ የጠየቅኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ያውም ከፈተናው በኋላ።